ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ዲናሞውን ያስመርምሩ

ሐረርን የሚያውቅ ሁሉ መኪና ግርግርን ያውቃል። ከፈረስ መጋላ ተነስቶ በጁገል ውስጥ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው ይህ ጠባብ መንገድ ስሙን ያገኘው ከአውቶሞቢል ሳይሆን ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው ሲሰፉ የሚሰማው ግርግር ለመንገዱ መጠሪያ ሆኖት ቀርቷል። በዚህ ሙያ የሚተዳደር ሰውም ሆነ በቤትዋ የስፌት መኪና ያላት እናት አንድ ነገር ጠንቅቀው ያውቃሉ። ይኸውም ቺንጋው ከላላ እግር ቢረግጥም፣ ትልቁ ጎማ ቢዞርም፣ መርፌው እንደሚገባው አለመውረዱ ነው። በዚህን ጊዜ አዲስ መርፌ መግዛት ገንዘብ ማባከን ብቻ ይሆናል።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ልናነሳ የፈለግነው ጉዳይ ይህንኑ የመሰለ ነው። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ሚኒባስ ወይም አነስ ያለች የቤተሰብ መኪና ልጆችን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ አባትንና እናትን ሥራ ታውላለች፤ በሰርግና በለቅሶ ጊዜ ዘመድ ወዳጅን ትሰበስባለች። ይህች መኪና አንድ ጠዋት አልነሳም ስትል ከሁሉ አስቀድሞ የሚወቀሰው ባትሪው ነው። ባትሪ ይገዛል። ከጥቂት ቀናት በኋላም ያው ችግር ይመለሳል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከባትሪው ሳይሆን ባትሪውን ከሚሞላው ዲናሞ ላይ ይገኛል።

አንዲት የሐረር እናት ያጫወቱን የቤታቸው ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ስለሆነ እናቅርበው።

እኚህ እናት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛና የአራት ልጆች እናት ናቸው። በናፍጣ የምትሠራ አሮጌ ቶዮታ ሚኒባስ አለቻቸው። ባለቤታቸው ይነዳሉ፤ እርሳቸው አጠገባቸው ይቀመጣሉ። ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጥ ሰው መንገዱን ብቻ ከሚያይ ሰው ይልቅ ብዙ ነገር ልብ ይላል። እርሳቸውም የፊት መብራቱ ነዳጅ ሲሰጥ ደመቅ፣ ሲቆም ደግሞ ቢጫ እየሆነ ፈዘዝ እንደሚል፣ በዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ሥዕል ያለባት ቀይ መብራት አልፎ አልፎ ብልጭ እንደምትል፣ ጠዋት ጠዋትም ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት እንደሚያቃስት አስተዋሉ። ነገሩን ሲያነሱ «ባትሪው አርጅቶ ነው» ተባሉ። ለልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ ከተቀመጠው ገንዘብ ተነስቶ አዲስ ባትሪ ተገዛ። አሮጌውም ለባትሪ ነጋዴው ተሰጠ።

መኪናዋ አሥር ቀን ያህል ደህና ሆነች። በአሥራ አንደኛው ቀን ከአዲስ አበባ በምሽት አውሮፕላን የምትመጣውን ትልቋን ልጅ ለመቀበል ቤተሰቡ ወደ ድሬዳዋ ተነሳ። ከሐረር ድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ከሚበልጠው መንገድ አወዳይንና ሐረማያን በደህና አለፉ። ፀሐይ ስትጠልቅ መብራት በራ። ደንገጎ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የፊት መብራቱ እንደ ኩራዝ ሆነ። ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ሐረር ተነስቶ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ድሬዳዋ የሚያወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ደግሞ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በመንገዱ ላይ ጫት የጫኑ መኪኖች በከባድ ፍጥነት ያልፋሉ። ባልየው ዳር ይዘው አቆሙ። ሞተሩን አጥፍተው ለማስነሳት ቢሞክሩ «ቀጭ» ከማለት በቀር ምንም የለም። ፍሬቻ እንኳ አልበራ አለ። እናትየው ልጆቹን አውርደው ከመንገዱ ራቅ አድርገው ከድንጋይ ላይ አስቀመጧቸው፤ ባልየው በእጅ ባትሪ ከኋላ ቆመው ለሚመጣው መኪና ምልክት ሲሰጡ አመሹ። ልጅቷ በሌላ መኪና መጣች። የደረሰ ጉዳት አልነበረም። ነገር ግን እናትየው እንዳሉን «አሥር ቀን ሙሉ ያቺ ቀይ መብራት እየነገረችን እኛ አልሰማንም።»

ባትሪ ጎተራ ነው፣ ዲናሞ ገበሬ ነው

የነገሩ ምስጢር አስቸጋሪ አይደለም። ባትሪ ኤሌክትሪክን የሚያስቀምጥ ጎተራ ነው፤ ራሱ አያመርትም። የሚያመርተው ዲናሞው ነው። ዲናሞው ከሞተሩ ጎን ታስሮ በቺንጋ ይዞራል፤ ሲዞርም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ከዚያም ለመብራቱ፣ ለክላክሱ፣ ለዝናብ መጥረጊያውና ለሌላው ሁሉ ያድላል፤ የተረፈውን ለባትሪው ይመልሳል። ባትሪው በዋናነት የሚያስፈልገው ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያስነሳ ነው። ዲናሞው ሥራውን ሲያቆም ግን ቤተሰቡ ሁሉ ከጎተራው ይበላል።

ሒሳቡን እንመልከት። ሁለት የፊት አምፖሎች እያንዳንዳቸው 55 ወይም 60 ዋት ቢሆኑ ብቻቸውን 10 አምፔር ያህል ይጠጣሉ። የኋላ መብራትና ማራገቢያ ሲጨመር ከ15 እስከ 20 አምፔር ይደርሳል። 70 አምፔር ሰዓት የሚይዝ አዲስና ሙሉ ባትሪ እንኳ በዚህ አኳኋን አራት ሰዓት አይዘልቅም። መብራቱ የሚፈዘው ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ለቀናት በቂ ሳይሞላ የቆየ ባትሪማ ለአንድ ሰዓትም ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ባትሪ መግዛት የተበላሸውን ዲናሞ የሚሸፍነው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ በጋራዥ «ዲናሞ» የምንለው መሣሪያ ትክክለኛ ስሙ አልተርኔተር ነው። ቀደም ሲል በመኪኖች ላይ የነበረው በእርግጥም ዲናሞ ሲሆን፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር በቂ ኤሌክትሪክ መስጠት ያቅተው ነበር። የአሜሪካው ክራይስለር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960 ቫሊያንት በተባለችው መኪናው ላይ አልተርኔተርን መደበኛ ዕቃ ካደረገ ወዲህ ሌሎቹም ተከተሉት። በዚያው ዓመት የቀረበችውና በሐረር ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለችው ፔጆ 404 ስትጀምር ባለ ዲናሞ ነበረች። ዕቃው ተለወጠ፤ ስሙ ግን በአፋችን ቀረ። እኛም በዚህ ጽሑፍ የለመድነውን ስም እንጠቀማለን።

ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ምልክቶች

መካኒክ መሆን ሳያስፈልግ ከወንበርዎ ሳይነሱ የሚያስተውሏቸው ምልክቶች አሉ።

አንደኛ፣ ቀይዋ የባትሪ መብራት ናት። ሞተሩ እየሠራ ይህች መብራት ከበራች «ባትሪው ሞቷል» ማለቷ አይደለም፤ «ወደ ባትሪው የሚገባ የለም» ማለቷ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ሲከፈት ደግሞ መብራት ይኖርባታል። ያን ጊዜም ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል። በብዙ መኪኖች ዲናሞው ሥራ የሚጀምረው በዚህችው አምፖል በኩል በሚያልፍ ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ የአንዲት ትንሽ አምፖል መቃጠል ዲናሞውን በሙሉ ሥራ ሊያስፈታው ይችላል።

ሁለተኛ፣ መብራት ነዳጅ ሲሰጥ እየደመቀ ሞተሩ ሲረጋ የሚፈዝ ከሆነ ነው።

ሦስተኛ፣ ድምፅ ነው። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ወይም መብራት ሲበራ የሚሰማ ሲጥታ የቺንጋ መላላት ምልክት ነው። እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ድምፅ ከሆነ ግን የዲናሞው ኩሽኔታ ማለቁን ይጠቁማል።

አራተኛ፣ ሽታ ነው። የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ከቺንጋ ሲመጣ፣ የተቃጠለ ቀለም የመሰለው ደግሞ ከዲናሞው የመዳብ ጥቅል ይመጣል።

ምርመራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም

ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት የመኪና ኤሌክትሪሺያን በቴስተር እንዲለካልዎ ይጠይቁ። ቁጥሮቹን እርስዎም ቆመው ቢያነቧቸው መልካም ነው።

በመጀመሪያ መኪናዋ ጥቂት ሰዓት ከቆመች በኋላ ሞተሩ ሳይነሳ ባትሪው ይለካል። 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ወደ መሆኑ ተቃርቧል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ ተነስቶ እንደገና ይለካል። ደህና ዲናሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ያህል ያሳያል። ቁጥሩ ከቀድሞው ካልጨመረ ወይም ጭራሽ እየወረደ ከሄደ ዲናሞው አይሞላም። ከ15 በላይ ከወጣ ደግሞ ቮልቱን የሚመጥነው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ ይህም ባትሪውን አፍልቶ ይጨርሰዋል።

ሦስተኛው፣ የፊት መብራቱና ማራገቢያው በርተው ነዳጅ ትንሽ ሰጥቶ መለካት ነው። በዚህም ጊዜ 13.5 አካባቢ ሊቆይ ይገባል። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፤ ነገር ግን ሳይጫንበት ደህና የሚመስል ዲናሞ ሲጫንበት የሚወድቅ አለ።

አራተኛው፣ በዲናሞው መውጫ ላይ ያለውን ቮልት በባትሪው ላይ ካለው ጋር ማስተያየት ነው። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ ጥፋቱ በመካከል ካለው ገመድ ወይም ከዛገው ተርሚናል ላይ ሊሆን ይችላል። በባትሪ ራስ ላይ የሚታየውን ነጭና አረንጓዴ ዝገት አስጠርጎ ማጥበቅ ብቻ ችግሩን የሚያስወግድበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን አንድ ራስ ነቅሎ «መኪናው ከጠፋ ዲናሞው ሞቷል» የሚል የቆየ የምርመራ ዘዴ አለ። ይህ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ባልነበረባቸው መኪኖች ጊዜ የተለመደ ነው። ዛሬ ግን ባትሪው በድንገት ሲነቀል የሚፈጠረው የቮልት ዝላይ ደህናውን ዲናሞ ዳዮዱን ሊያቃጥለው፣ የመኪናዋንም ኮምፒዩተር ሊያበላሸው ይችላል። እንዲህ ሊሞክር የሚነሳ ሰው ካዩ በትሕትና «በቴስተር ይለካልኝ» ይበሉ።

ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

ወደ ሐረሯ እናት ታሪክ እንመለስ። መኪናዋ በማግስቱ እየተጎተተች ከግንቡ ውጭ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ተወሰደች። ኤሌክትሪሺያኑ ወጣት ባትሪውን ሞልቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ ለካ። 12.1 አነበበ። ነዳጅ ሲሰጥ ለቅጽበት 13 ሆነና ተመልሶ ወረደ። «አቦ እትዬ፣ ባትሪዎ ምንም አልሆነም፤ የተራበ ነው» አላቸው።

ዲናሞው ሲፈታ ካርቦኖቹ አልቀው ተገኙ። ካርቦን ኤሌክትሪክን ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርስ ትንሽ ዕቃ ሲሆን፣ በመዳብ ቀለበት ላይ እየተፋተገ በጊዜ ብዛት ያልቃል። ሲያልቅ አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይለቃል። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትል የነበረው፣ አዲሱም ባትሪ አሥር ቀን የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ካርቦን፣ ኩሽኔታ፣ ሬጉሌተርና ዳዮድ ለየብቻቸው ሊለወጡ ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ከሆነ ሙሉ ዲናሞ መግዛት አያስፈልግም። የመዳቡ ጥቅል ከተቃጠለ ወይም ቀለበቱ ተበልቶ ካለቀ ግን መለወጡ ይሻላል። በሴትየዋ ቤት የደረሰው የኋለኛው ነበር፤ ካርቦኑ በጊዜው ባለመለወጡ ቀለበቱን ጎድቶት ነበርና። በጊዜው ቢለካ ኖሮ የሁለት ትናንሽ ካርቦኖች ጉዳይ የነበረው ወደ ባትሪና ወደ ሙሉ ዲናሞ ወጪ አደገ።

ዲናሞ ለመግዛት ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ለድስት ክዳን የሚገዛ ሰው ድስቱን ይዞ ቢሄድ እንደማይሳሳት ሁሉ፣ አሮጌው በእጅ ካለ ብዙ ስሕተት ይቀራል። የሚመሳከሩት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ 12 ወይስ 24 ቮልት መሆኑ፣ የአምፔሩ መጠን ከቀድሞው አለማነሱ፣ የፑሌጃው ስፋትና የቦዩ ቁጥር፣ የብሎን ማሰሪያዎቹ ቦታ፣ የሶኬቱ ቅርጽ። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት እንዲሞከርልዎ ያድርጉ። በእጅ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ይተዉት።

ሲገጠምም ከሁሉ አስቀድሞ ሞተሩ ጠፍቶ የባትሪው ኔጋቲቭ ራስ መነቀል አለበት። ይህ ሳይደረግ ቁልፍ የዲናሞውን መውጫና የሞተሩን አካል በአንድነት ቢነካ ብልጭታ ይፈጥራል፤ ሠራተኛውንም ያቃጥላል። ቺንጋው ከተሰነጣጠቀ ወይም ጠርዙ ከተበላ አብሮ ይለወጥ። ከመጠን በላይ ከላላ ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ አዲሱን ኩሽኔታ ይበላል። ሁሉም ካበቃ በኋላ በድጋሚ በቴስተር ተለክቶ ቁጥሩን ሳያዩ ከጋራዡ አይውጡ።

ከመብራቱ የሚብሰው የፍሬኑ ነገር

እዚህ ላይ የናፍጣ ሚኒባስ ያላቸው ቤተሰቦች በተለይ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። በብዙዎቹ አሮጌ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ፣ ከዲናሞው ጀርባ የቫክዩም ፓምፕ የሚባል ዕቃ ተገጥሟል። ይህ ፓምፕ ከዲናሞው ጋር አብሮ እየዞረ አየር በመሳብ የፍሬኑን ፔዳል ለእግር የሚያቀለውን ኃይል ይሰጣል። እንግዲህ በእንዲህ ዓይነቷ መኪና ቺንጋው ቢበጠስ የሚጠፋው መብራት ብቻ አይደለም። ፍሬኑ ከአንድ ሁለት ርግጫ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። መያዙን ባይተውም በሙሉ ኃይል መርገጥን ይጠይቃል። ከዚህም በላይ በብዙዎቹ ይኸው ቺንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ ፓምፕ ስለሚያዞር ሞተሩ ይግላል።

ኤሌክትሪሺያኑ ቺንጋውን አውጥቶ ሲያጥፈው ስንጥቁ እንደ ደረቀ መሬት ተከፈተ። «ይህ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ቢበጠስ ኖሮ...» ብሎ ዝም አለ። እናትየው ያን ዕለት ማታ በድንጋይ ላይ ያስቀመጧቸውን ልጆች አሰቡ። ሱቅ ሄደው መጀመሪያ የቀረበላቸው ዲናሞ ከጀርባው ፓምፕ አልነበረውም፤ አሮጌውን ይዘው ስለነበር ወዲያው ለዩት። ፓምፕ ያለው ተፈልጎ ተገዛ፤ የዘይት ቱቦዎቹም አለማፍሰሳቸው ታይቶ ተገጠመ። ሲለካ 14.2 ቮልት አነበበ።

በመንገድ ላይ ሳሉ ቢደርስብዎ

ቀይዋ መብራት በመንገድ ላይ ከበራች ሬዲዮውን፣ ማራገቢያውንና የማያስፈልገውን ሁሉ ያስጠፉ። የፍሬኑ ፔዳል መጠንከሩን ወይም የሙቀቱ መርፌ መውጣቱን ሾፌሩ ይመልከት። ከሁለቱ አንዱ ከታየ ቺንጋው ሳይበጠስ አይቀርም፤ ስለዚህ በትንሽ ማርሽ ፍጥነትን ቀንሶ ቶሎ ዳር መያዝ ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑና ቀን ከሆነ ቅርብ ወዳለ ከተማ መድረስ ይቻላል፤ ነገር ግን ሞተሩ ከጠፋ ላይነሳ ስለሚችል እስኪደርሱ አይጥፋ። ሌሊት ከሆነና ቁልቁለት ከፊት ካለ ግን መብራቱ እስኪፈዝ አይጠብቁ፤ ገና ደማቅ ሳለ ሰፊና ሰው ያለበት ቦታ ይቁሙ። ልጆችን በመንገዱ ተቃራኒ በኩል ባለው በር አውርደው ከመኪናዋ ያርቋቸው። ከኋላ የሚያንፀባርቅ ሦስት ማዕዘን ምልክት ራቅ አድርጎ ማስቀመጥም የሾፌሩ ግዴታ ነው። አንድ የእጅ ባትሪ ሁልጊዜ በመኪናዋ ውስጥ ይኑር።

ውድ እናቶች፣ «የመኪና ነገር የወንድ ነገር ነው» ተብሎ የሚነገረውን ያለ ማመዛዘን መቀበል አይገባም። የቤቱን ወጪ የሚመጥኑት እርስዎ ነዎት፤ ከኋላ የሚቀመጡትም ልጆችዎ ናቸው። የስፌት መኪናዎ ድምፅ ሲለወጥ እንደሚያውቁ ሁሉ የዚህችንም ማወቅ አያቅትዎትም። ያዩትን ይናገሩ፤ ቀለል ተደርጎ ቢታለፍም ደግመው ይናገሩ። የሐረሯ እናት ዛሬ አንዲት ትንሽ ቴስተር ገዝተው በመሳቢያ አስቀምጠዋል። በየወሩ መጨረሻ የቤት ሒሳባቸውን ሲጽፉ፣ ከመብራትና ከውሃ ክፍያ ቀጥሎ የዲናሞውን ቮልት ያሰፍራሉ። ባለቤታቸው በመጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ አሁን ግን ሩቅ መንገድ ሲታሰብ «ስንት አነበበ?» ብለው የሚጠይቁት እርሳቸው ናቸው።